ከቀላል ወደ ከበድ ያለ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር እንዴት መሸጋገር ይቻላል

ካፕካት፣ አይሙቪ ወይም ፊልሞራ የለመደ ሰው ዳቪንቺ ሪዞልቭን ወይም ፕሪሚየር ፕሮን ሲከፍት የሚያየው የቁልፍ መዓት ነው። ብዙ ሰው እዚችው ላይ ዘግቶት ይወጣል። ግን እኮ ሁሉንም በአንድ ቀን መልመድ አያስፈልግም። በቅደም ተከተል ከገባችሁ ያን ያህል አያስፈራም።

መጀመሪያ፣ አሁን የምትጠቀሙበት ፕሮግራም ምን እንደከለከላችሁ ለዩ። የየክሊፑን ቀለም እንደልባችሁ ማስተካከል ካቃታችሁ፣ በብዙ ካሜራ የተቀረጸ ነገር ማቀናጀት ካስቸገራችሁ፣ ድምፁን በደንብ ማጽዳት ካልቻላችሁ ጊዜው ደርሷል። ምክንያታችሁ “ሌሎች ስለሚጠቀሙበት” ብቻ ከሆነ ግን ባላችሁበት ቆዩ። ካፕካት ላይ የሚያሰለች ቪዲዮ ፕሪሚየር ላይም ያሰለቻል።

ምርጫው ብዙ አያከራክርም። ማክ ያለውና አይሙቪ የለመደ ሰው ፋይናል ከት ፕሮ ይቀርበዋል፤ የአይሙቪ ፕሮጀክቱንም ወደዚያ መላክ ይችላል። ፕሪሚየር ፕሮ በየጊዜው ክፍያ ይፈልጋል። ለጀማሪ እኔ የምመክረው ዳቪንቺ ሪዞልቭን ነው። ነፃው ዕትም እስከ አልትራ ኤችዲ (4ኬ) ጥራት፣ በሰከንድ እስከ 60 ፍሬም (ምስል) ያወጣል፤ የሚከፈልባቸውን ገጽታዎች እስካልነካካችሁ ድረስም ዋተርማርክ (ቪዲዮው ላይ የሚቀር የድርጅቱ ምልክት) አያትምባችሁም። ጉዱ ኮምፒውተር ላይ ነው። 16 ጊጋባይት ራምና ደህና ግራፊክስ ካርድ ከሌለ ይንቀራፈፋል።

አሁን ሶፍትዌሩን ሳትከፍቱ ፎልደር አዘጋጁ። ትልቁ የአሠራር ለውጥ እዚህ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ ቪዲዮውን ወደ ውስጣቸው አይገለብጡም፤ የት እንደተቀመጠ ብቻ ይመዘግባሉ። ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ ስትወስዱት ወይም ፍላሹን ስትነቅሉት ሪዞልቭ ክሊፑን በቀይ ስክሪን “ሚዲያ ኦፍላይን” ብሎ ያሳያችኋል። ቪዲዮው ጠፋ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ፕሮግራሙ ስላላገኘው ነው። “ሪሊንክ” የሚለውን መርጣችሁ አዲሱን ቦታ ስታሳዩት ይመለሳል። ከዚህ ጣጣ የሚያድነው ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ፎልደር ከፍቶ በውስጡ “ቀረጻ”፣ “ድምፅ”፣ “ፎቶ”፣ “ያለቀ” እያሉ መከፋፈል ነው። ከሜሞሪ ካርድ በቀጥታ ኢምፖርት አታድርጉ። መጀመሪያ ወደ ፎልደሩ ገልብጡ፣ ከዚያ አስገቡ።

ቀጥሎ አዲስ ሥራ አትጀምሩ። ድሮ ኤዲት ያደረጋችሁትን አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ የሚሆን ቪዲዮ ምረጡና ከጥሬ ቀረጻው ጀምራችሁ እንደገና ሥሩት። የካፕካት ፕሮጀክት ሪዞልቭ ላይ አይከፈትም፤ ያለቀውን ቪዲዮ ግን እንደ ተራ ክሊፕ ማስገባት ትችላላችሁ። ላይኛው ትራክ (ክሊፖች የሚደረደሩበት መስመር) ላይ አስቀምጡት፣ ድምፁን ዝጉት፣ አሳንሳችሁ ጥግ ላይ አስይዙት። ከዚያ እሱን እያያችሁ፣ ከሥሩ ባለው ትራክ ላይ ጥሬ ቀረጻውን እሱ በሚቆረጥበት ቦታ ላይ ቁረጡ። የት ይቆረጥ የሚለውን ድሮ ስለጨረሳችሁት አሁን የምትፈልጉት ቁልፉን ብቻ ነው። ትምህርቱ የሚፈጥነው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ክሊፕ ታይምላይን (ትራኮቹ ያሉበት የሥራ ቦታ) ላይ ከማሳረፋችሁ በፊት የፍሬም ሬት (በሰከንድ የሚታዩ ምስሎች ብዛት) ቅንብሩን እዩ፤ በኋላ መቀየር ራስ ምታት ነው። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ደግሞ ፍሬም ሬቱ ወጣ ገባ ስለሚል፣ እየቆየ ሲሄድ ድምፅና ከንፈር ሊለያዩ ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም “ኮንስታንት ፍሬም ሬት” መርጣችሁ ቀይሩትና እንደገና አስገቡት።

አቋራጭ ቁልፎችን በጥቂቱ ጀምሩ። ጄ፣ ኬ እና ኤል ወደ ኋላ ማጫወቻ፣ ማቆሚያና ወደ ፊት ማጫወቻ ናቸው። አይ እና ኦ የክሊፑን መነሻና መድረሻ ምልክት ያደርጋሉ። እነዚህ አምስቱ ሪዞልቭም፣ ፕሪሚየርም፣ ፋይናል ከትም ላይ አንድ ናቸው። መቁረጫው ግን ይለያያል፦ ዊንዶውስ ላይ ሪዞልቭ ኮንትሮልና ቢ፣ ፕሪሚየር ኮንትሮልና ኬ ነው።

ሪዞልቭ ከታች የተደረደሩ ገጾች አሉት። ለጊዜው መቁረጫው “ኤዲት” እና ያለቀውን ማውጫው “ዴሊቨር” ይበቋችኋል። የቀለም ማስተካከያው “ከለር” ሲመች ይደርሳል። ኢፌክትና ተንቀሳቃሽ ግራፊክስ የሚሠራበት “ፊውዥን” ራሱን የቻለ ዓለም ስለሆነ ገና አትግቡበት።

ስታጫውቱት ቪዲዮው እየተንቀራፈፈ ካስቸገራችሁ አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት አትሩጡ፤ ፕሮክሲ ሥሩ። ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ክሊፕ ቀለል ያለ ቅጂ ያዘጋጅላችኋል፣ እናንተም በእሱ ትሠራላችሁ። ኤክስፖርት ስታደርጉ ግን ከዋናው ፋይል እየወጣ መሆኑን አረጋግጡ፤ አለበለዚያ የደበዘዘ ቪዲዮ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

የድሮውን ፕሮግራም አታጥፉት። የማስረከቢያ ቀን የተቆረጠለት ሥራ ከመጣ በለመዳችሁት ሥሩና አስረክቡ፣ አዲሱን ማንም በማያጣድፋችሁ ሥራ ላይ ተለማመዱበት።