በእንግሊዝኛ ሲጨዋወቱ እያዳመጡ መሆንዎን እንዴት ማሳየት ይችላሉ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እንግሊዛዊት እንግዳ ይዤ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ ስሻገር ስለ እናቷ ሕመም ታጫውተኝ ጀመር። እኔም እንደ አገሬ ሰው በየመሐሉ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረግሁ «እ!» እል ነበር። በሦስተኛው ላይ ወሬዋን አቋርጣ «አር ዩ ኦልራይት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ለካ ድንገት ያመመኝ መስሏት ኖሯል። ሰዋስው አስተካክሎ የሚናገር ሰው እንኳ ማዳመጡን ማሳየት ካላወቀበት ጨዋታው እንደሚቋረጥበት የገባኝ ያን ዕለት ነው።

በእኛ በጎጃም አድማጭ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ደስ አይልም። ቡና ላይ የሚያወራ ሰው «በጀ»፣ «እህ»፣ «ኧረ ተው»፣ «ወይ ጉድ» የሚለው ካጣ «ትሰማኛለህ ወይ?» ማለቱ አይቀርም፤ በቅኔ ጉባኤም ቅኔው ሲሰምር «ይበል!» የሚል ድምፅ ይሰማል። እንግሊዝኛም የራሱ «ይበል» አለው። የቋንቋ ምሁሩ ቪክተር ኢንግቬ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ እነዚህን አጫጭር የአድማጭ ድምፆች «ባክ ቻናል» ብሏቸዋል፤ ተናጋሪው ወሬውን ይዞ ሲቀጥል አድማጩ ተራውን ሳይነጥቀው ከበስተኋላ የሚልክለት ምላሽ ማለት ነው።

በመጀመሪያ ወደ ውስጥ የሚሳበውን «እ» ለአገር ቤት ይተዉትና በምትኩ አፍ ሳይከፈት በአፍንጫ የሚነገረውን «ምህም» ወይም «ኧሃ» ይልመዱ። በወሬ መሐል ሲባሉ ሁለቱም «ቀጥል፣ እየሰማሁ ነው» ከማለት ያለፈ ትርጉም የላቸውም። ነገሩ ግልጽ ሲሆንልዎ «አይ ሲ» ይበሉ፤ ቃል በቃል «አያለሁ» ቢሆንም የሚነገረው ግን «ገባኝ» ለማለት ነው። «ራይት» ደግሞ አንድ ሰው መንገድ ወይም አሠራር ሲያስረዳዎ ይስማማል። ሁሉም የሚባሉት ተናጋሪው ሐሳቡን ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ከገቡ ግን ንጥቂያ ይመስላል። እኛ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» እንደምንለው «ኦኬ፣ ኦኬ፣ ኦኬ» ማለትም አይመከርም፤ በእንግሊዝኛ ጆሮ ሲሰማ «ቶሎ ጨርስልኝ» የማለት ያህል ነው።

ቀጥሎ ብዙ ትምህርት ቤት በደንብ የማያስተምረውን፣ እኔ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ነው የምለውን፣ አጭሩን የመልስ ጥያቄ ይለማመዱ። በአማርኛ አንድ ሰው «አውቶቡስ አመለጠኝ» ቢለን ግሡን ራሱን መልሰን «አመለጠህ?» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ዋናውን ግሥ ትቶ የሚመልሰው ረዳት ግሡን (እንደ «አር»፣ «ሃዝ» ያለውን) ከተውላጠ ስም ጋር ብቻ ነው። «አይም ታየርድ» ላለዎት ሰው «አር ዩ?»፣ «ሺ ሃዝ ሌፍት» ላለዎት «ሃዝ ሺ?» ይላሉ። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ረዳት ግሥ ከሌለ ለአሁን ጊዜ «ዱ» ወይም «ደዝ»፣ ላለፈ ጊዜ «ዲድ» ያስገባሉ፤ ስለዚህ «አይ ሚስድ ዘ ባስ» ሲባሉ መልሱ «ዲድ ዩ?» ይሆናል። «ሪሊ?» የሚለው በሁሉም ቦታ ስለሚሠራ ሰነፍ አድማጭ እሱኑ ይደጋግማል፤ ሲደጋገም ግን ጥርጣሬ ይመስላል። የድምፁም አወጣጥ ለውጥ ያመጣል፤ በመጨረሻው ላይ ድምፅዎን ከፍ ካደረጉ መገረም ነው፣ ዝቅ ካደረጉት ግን «አይመስለኝም» ያሉ ያህል ሊቆጠርብዎ ይችላል።

ሦስተኛው ጉዳይ ሐዘንና ችግር ሲነገርዎ የሚሉት ነው። «አይዞህ» ልክ የሚሆንለት የእንግሊዝኛ ቃል የለውም። አንድ ሰው መታመሙን ወይም ሥራ ማጣቱን ሲነግርዎ «አይም ሶሪ ቱ ሂር ዛት» ይባላል፤ እዚህ ላይ «ሶሪ» ይቅርታ መጠየቅ ሳይሆን ማዘን ነው። በጀልባው ላይ «ዛት መስት ቢ ሃርድ» ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም «ከባድ ነው መቼስ» ብላት፣ እንግዳዬ ወሬዋን ትቀጥል ነበር። ሰው ለሞተበት «አይም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ይባላል፤ የእኛን «እግዜር ያጽናህ» ያህል የተለመደ ነው።

ከዚያ አልፈው ወሬው እንዲቀጥል ከፈለጉ «ሶ ዋት ዲድ ዩ ዱ?» ብለው ይጠይቁ፤ የገባዎት ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሞ «ሶ ዩ ሚን…» ብለው በራስዎ ቃል ይመልሱት። ያልሰሙት ነገር ካለም «ሶሪ፣ አይ ዲድንት ካች ዛት» ማለት ነውር የለበትም። ብዙዎቻችን ከክፍል ውስጥ ያመጣነው ልማድ ሳይገባን ራስ መነቅነቅ ነው፤ ጥያቄ ሲከተል ግን መጋለጥ ይመጣል።

ሦስት ቃላት ላይ ይጠንቀቁ። «አዎ» ለማለት «ኦፍ ኮርስ» ካሉ አንዳንድ ጊዜ «ይኼም ይጠየቃል?» ያሉ ይመስላል። ወሬ ሲነገርዎ «አይ ኖው» ማለት ብዙ ጊዜ ተናጋሪውን «አውቄዋለሁ፣ ተወው» ብሎ ማስቆም ነው። «ቴል ሚ አባውት ኢት» ደግሞ «ንገረኝ» ቢመስልም የሚነገረው «እኔም ደርሶብኛል» ለማለት ነው፤ ስለዚህ ሰው ስለ ሙቀቱ ሲያማርር ይባላል፣ የቤተሰቡን ታሪክ ሲጀምር ግን አይባልም።

በስልክ ሲሆን ፊትዎ ስለማይታይ ድምፆቹን ከወትሮው ትንሽ ያብዙ፤ ዝም ካሉ «አር ዩ ስቲል ዜር?» መባልዎ አይቀርም።

ለመለማመድ የሬድዮ ቃለ ምልልስ ብዙም አይጠቅምም፤ ጋዜጠኛው ቅጂው እንዳይበላሽ ሲል ድምፅ ሳያሰማ ራሱን ብቻ ይነቀንቃልና። ይልቅስ ከጓደኛዎ ጋር ይቀመጡና እሱ ስለ ትናንት ውሎው አምስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይንገርዎት፤ እርስዎ ከእያንዳንዱ በኋላ ትክክለኛውን የመልስ ጥያቄ ብቻ ይመልሱ። «አይ ዌንት ቱ ዘ ማርኬት» ሲልዎ «ዲድ ዩ?» የሚለው ሳያስቡት ከአፍዎ እስኪወጣ ድረስ ሚና እየተለዋወጡ ይደጋግሙት።