የሞተር መብራት ብልጭ ድርግም ሲል፦ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ኮይሉን አቀያይሩት

ብርቱካናማዋ የሞተር መብራት በርታ ከቆየች ጋራዥ ለመሄድ ጥቂት ቀን መታገስ ይቻል ይሆናል። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዱ ሲሊንደር የገባለትን ቤንዚን ሳያቃጥል እየተፋው ነው። ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ካታሊስት (የጭሱን መርዝ የሚቀንሰው ዕቃ) ውስጥ ገብቶ ይነድዳል። የካታሊስት ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሴራሚክ ነው፤ ሙቀቱ ሲበዛበት ይቀልጥና ይደፈናል፣ መኪናውም ትንፋሽ ያጥረዋል። በካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ዋጋ ያልቅ የነበረው ነገር ካታሊስት ወደ መግዛት የሚሄደው እንዲህ ነው።

መንገድ ላይ ከሆናችሁ ነዳጅ መርገጫውን ቀለል አድርጉት። ብልጭታው ቆሞ መብራቱ ብቻ ከቀረ፣ ዳገት እየሸሻችሁ ቀስ ብላችሁ ቅርብ ያለ ጋራዥ ድረሱ። ካልቆመ ጥግ ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። ደረቅ ሳር ላይ ግን አታቁሙ፤ ካታሊስቱ በዚያ ሰዓት ፍም ነው። ባትሪ ነቅሎ መብራት «ማጥፋት» የሚባለውንም እርሱት። ኮምፒውተሩ የመዘገበው ኮድ አብሮ ይጠፋና መካኒኩ በግምት ዕቃ ማስቀየር ይጀምራል።

ኮዱን ለማንበብ፣ የኮድ ማንበቢያ መሣሪያ የሚሰካበት ባለ 16 እግር ሶኬት ከመሪው በታች አለ። ፒ0301 ካለ አንደኛው ሲሊንደር ነው፣ ፒ0302 ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ፒ0300 ካለ ግን ችግሩ አንድ ሲሊንደር ላይ አልረጋም። አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት በምናያቸው በቪትዝና በያሪስ አንደኛው ሲሊንደር በቺንጋው በኩል ያለው ነው።

ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ይንቀጠቀጣል፣ ኮዱም አንድ ሲሊንደር ይጠቁማል

መካኒኮች «በሶስት እየሰራ ነው» የሚሉት ይሄን ነው። መሪው እጃችሁ ላይ ይርገበገባል፣ ከጭስ ማውጫው ጥሬ ቤንዚን ይሸታል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ኮይል (ለካንዴላው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ወይም ካንዴላ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ደግሞ አንድ ሳንቲም አያስፈልግም። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። በ10 ቁጥር ቁልፍ የአንደኛውን ሲሊንደር ኮይል ፈታችሁ ከሁለተኛው ጋር አቀያይሩት፣ ኮዱን በማንበቢያው አጥፉና አስነሱት። ኮዱ ከፒ0301 ወደ ፒ0302 ከዞረ ኮይሉ ሞቷል። እዚያው ከቀረ ካንዴላውን በተመሳሳይ መንገድ አዟዙሩ። አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ተራው ቤንዚን የሚረጨው የኢንጀክተሩ ነው። ይህን ሳያደርግ «አራቱም ኮይል ይቀየር» የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ ውጡ።

የራሴ መኪና ይህን ያሳየችኝ አንድ እሁድ ከላቫጆ ስትወጣ ነው። ሞተሩን በግፊት ውሃ አጥበውልኝ አንድ ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ሦስተኛውን ኮይል መዝዤ ሳየው ላስቲኩ ጫፍ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፤ በካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ ደግሞ በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ነበረች። ብልጭታው በሲሊንደሩ ውስጥ መዝለሉን ትቶ በዚያች መስመር ወደ ብረቱ እያመለጠ ነበር። ውሃውን በአየር አስነፋሁት፣ ካንዴላውን ቀየርኩ፣ አለቀ። የካንዴላው ጉድጓድ ውስጥ በውሃ ፈንታ ዘይት ካገኛችሁ ግን የቫልቭ ሽፋኑ ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) አርጅቷል፤ እሱ ሳይቀየር አዲሱ ኮይልም አይበረክትም።

ዳገት ላይ ብቻ ብልጭ ይላል

ሜዳ ላይ ደህና የነበረ መኪና ወደ እንጦጦ ሲወጣ የሚያስነጥስ ከሆነ መጀመሪያ ካንዴላ ጠርጥሩ። ጭነት ሲበዛ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር የካንዴላው ብልጭታ በጫፎቹ መሃል ያለውን ክፍተት ለመዝለል ይቸገራል፤ ጫፉ ያለቀ ካንዴላ ደግሞ ክፍተቱ ሰፍቷል። ለብዙ የቶዮታ ሞተሮች ልኩ 1.1 ሚሊሜትር ነው፤ የዴንሶ ካንዴላ ቁጥር መጨረሻ ላይ ያለችው 11 ይህንኑ ትናገራለች። ኢሪዲየም ጫፍ ያለው 100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል፤ ተራው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ከመኪና ዕቃ ገበያው ከሶማሌ ተራ ሲገዛ ካርቶኑን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ የመሃሉ ጫፍ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ከሆነ መልሱት። ስትፈቱም ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን። ካንዴላው የሚታሰርበት ቴስታ (የሞተሩ ራስ) አሉሚኒየም ነው፣ ጋል እያለ ጥርሱ ተቦጭቆ ይወጣል።

ካንዴላው አዲስ ሆኖ ዳገት ላይ ጉልበት የሚያጣ ከሆነ የነዳጅ ፊልትሮና ፓምፕ ይታዩ።

ፒ0300 ከፒ0171 ጋር ሲመጣ

ፒ0171 አየር በዝቷል ወይም ቤንዚን አንሷል ማለት ነው። የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ወይም የደከመ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። ችግሩ በጄሪካን የተገዛ ቤንዚን በተሞላ ማግስት ከጀመረ ግን ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ከታንከሩ ትንሽ ቀድታችሁ በጠርሙስ አቆዩት። ውሃ ካለበት ከስር ለብቻው ይተኛል።

ጠዋት ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ የራዲያተር ውሃም ይቀንሳል

ይሄን አልወደውም። ሌሊቱን ውሃ ወደ ሲሊንደሩ እየሰረገ፣ ሲነሳ በነጭ ጭስ ይወጣል፤ የቴስታ ጋርኒሲዮን ነው። ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹ ግፊት) ይለካ፤ አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በግልጽ ካነሰ ቴስታው መውረዱ አይቀርም። ውሃ እየጨመሩ መንዳት ቴስታውን ያጣምመዋል።

ከተስተካከለ በኋላ ኮዱን አጥፍታችሁ አንድ ረጅም ዳገት ውጡበት። የመብራቱ ብልጭታ ቀርቶ ፒ0420 የሚል ኮድ ከተመለሰ ካታሊስቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሲቀዘቅዝ በጡጫችሁ ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ ውስጡ ከተንኳኳ ሴራሚኩ ተሰብሯል።