ቀለሙ በሚቀያየር ክር ሻርፕ ለምትሰሩ

ቀለሙ ቀስ እያለ በሚቀየር ክር ጥለት ያለው ሻርፕ ስትሰሩ መጀመሪያው ላይ ጥለቱ ፍንትው ብሎ ይታያል። ሄድ ሲል ግን ተቀያያሪው ክር ከመደቡ፣ ማለትም ከጥለቱ ጀርባ ከሚሆነው ባለ አንድ ቀለም ክር ጋር ይመሳሰልና ጥለቱ ድራሹ ይጠፋል።

መፍትሄው ስልካችሁ ላይ ነው። መርካቶ ክር ስትመርጡ ሁለቱን ልቃቂቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ለመደብ ያሰባችሁት ክር ከተቀያያሪው ቀለሞች ከሁሉም የጠቆረ ወይም ከሁሉም የነጣ ሆኖ ከታየ ግዙት። ከአንዱ ጋር እንኳ እኩል ግራጫ ከሆነ ተዉት፤ እዚያ ቦታ ላይ ጥለቱ መጥፋቱ አይቀርም። ልቃቂቱ ከውጭ ሁሉንም ቀለም ላያሳይ ስለሚችል፣ ባለሱቁን አስፈቅዳችሁ ውስጡንም ገለጥ አድርጋችሁ እዩ።

የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። ዓይናችን ጥለትን አጥርቶ የሚለየው በዋናነት በንጣትና በጥቁረት ልዩነት ነው። ቀይና አረንጓዴ በጣም የተለያዩ ይመስላሉ፤ ጥቁረታቸው ከተቀራረበ ግን ፎቶው ላይ አንድ ይሆናሉ። በነጭ የሐበሻ ቀሚስ ላይ ጠቆር ያለ ጥለት ከሩቅ የሚለየውም ለዚሁ ነው።

እኔ ክሬም መደብ እመርጣለሁ። ጥቁር መደብ ያምራል፣ ግን ማታ በአምፖል ሲሠሩበት ዓይን ያደክማል።

ስልኩ ብዙ ዓይነት ጥቁርና ነጭ ካለው ተራውን ተጠቀሙ፤ አንዳንዱ ልዩነቱን አጋንኖ ያሳስታል። ያለ ጥለት፣ በአንድ ተቀያያሪ ክር ብቻ ለምትሠሩ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልግም።