ንግድዎን በተምብለር ማስተዋወቅ ያዋጣዎታልን?

ተምብለር እ.ኤ.አ. በ2007 ኒው ዮርክ ውስጥ የተመሠረተ፣ ፎቶግራፍና አጭር ጽሑፍ የሚለጠፍበት ማኅበራዊ መድረክ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ምሳ የሚሸጥ ዓሣ ቤት ደንበኞቹን የሚያገኘው በቴሌግራምና በፌስቡክ ስለሆነ፣ ተምብለር ላይ ጊዜውን ባያባክን ይሻለዋል። የዘጌን ቡና ወይም በእጅ የተሸመነ ጋቢ ለውጭ አገር ገዢ የሚያቀርብ፣ አለዚያም ጎብኚዎችን በጀልባ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚያደርስ ሰው ግን ሊሞክረው ይገባል፤ ምክንያቱም በተምብለር አንድ ልጥፍ ከተጠቃሚ ወደ ተጠቃሚ እየተጋራ ከወራት በኋላም አዲስ ተመልካች ሊያገኝ ይችላል።

በመጀመሪያ የገጹን ስም ከድርጅትዎ ስም ጋር አንድ ያድርጉት። ቀጥሎ የዋጋ ዝርዝር ከመደርደር ይልቅ ሥራውን ያሳዩ። ለምሳሌ ታንኳ ሠሪው የደረቀውን ደንገል እየጠፈረ ሲያስር እጆቹን ከቅርብ ያንሱ፤ ከሥሩም ታንኳው ከምን እንደተሠራና ጣና ላይ ምን እንደሚጭን በሁለት ሦስት የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮች ይግለጹ። (ሰውየውን አስቀድሞ ማስፈቀድ ግዴታ ነው፤ ይህን የሚዘነጋው ብዙ ነው።) ሃሽታጎቹ (በ# ምልክት የሚጀምሩት የመፈለጊያ ቃላት) ጎብኚው በሚፈልግበት ቃል ይሁኑ፤ «ምርጥ» እና «ልዩ» የሚሉትን ማንም ፈልጎ አይመጣም።

በየሳምንቱ ሁለት ልጥፍ ይበቃል። የጠየቀዎትን ሁሉ የት እንዳየዎት ጠይቀው በደብተር ይመዝግቡ፤ በስድስት ወር ውስጥ ከተምብለር የመጣ አንድም ሰው ካልተመዘገበ ገጹን ትተው ወደ ቴሌግራምዎ ይመለሱ።