አፕዴት የተደረገ ብሮውዘር በአንቲቫይረስ ሲታገድ እንዴት ይከፈታል?

ክሮም ማታ ራሱን አፕዴት አድርጎ ያድራል፣ ጠዋት ስትከፍቱት አንድም ገጽ አይመጣም። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ባለ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ፎርም የሚያስሞላ ሰው ተሰልፎ እያለ ይሄ ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ አንቲቫይረሱ ከነጭራሹ ይጠፋል፣ ወይ ማሽኑ ፎርማት ይደረጋል። ሁለቱም አያስፈልጉም። አንቲቫይረስ ብዙ ክፍሎች አሉት፤ ብሮውዘሩን የያዘው ግን ከእነሱ አንዱ ብቻ ነው። እሱን አግኝቶ መልቀቅ ነው ሥራው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዩ

በዚያው ዋይፋይ ስልካችሁን ሞክሩ። ስልኩም ካልከፈተ ጉዳዩ ኔትዎርክ ወይም ያለቀ ፓኬጅ ነው፣ አንቲቫይረሱን አትንኩት። ድሬ ላይ ይሄን ማጣራት ቀላል ነው፤ ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እዚሁ ስለሆነ፣ የእሱንም የኢትዮ ቴሌኮምንም ሲም የያዘ ሰው አይታጣም። በሌላኛው ሲም ሆትስፖት አስከፍታችሁ ሞክሩ።

ስልኩ ከሠራ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ብሮውዘር፣ ኤጅን ክፈቱ። ኤጅ ሠርቶ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ እምቢ ካለ ጥርጣሬው ወደ አንቲቫይረሱ ያዘነብላል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን አንብቡ። ብሮውዘሩ ጭራሽ ካልተነሳ፣ ወይም ምልክቱ ከዴስክቶፕ ከጠፋ፣ ፋይሉ ታስሯል ማለት ነው። ተነስቶ ምንም ገጽ ካላመጣ ፋየርዎሉ፣ ማለትም የትኛው ፕሮግራም ኢንተርኔት እንዲያገኝ የሚወስነው ክፍል ነው። "ግንኙነትዎ ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም" የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ካመጣ የሰርተፍኬት፣ ማለትም የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጠው ማኅተም ጉዳይ ነው፤ ግን ከዚያ በፊት ሰዓቱን እዩ።

ቀንና ሰዓት

ይሄ ደረጃ እንደ ቀልድ ይታለፋል፤ እዚህ አገር ግን መታለፍ የለበትም። አንድ ደንበኛ "አንቲቫይረሱ ሁሉንም ነገር ዘጋብኝ" ብለው ላፕቶፕ ይዘው መጡ። ከታች በቀኝ በኩል ያለው ቀን 2018 ይላል።

"ጋሼ፣ ይሄን ቀን ማን ነው የቀየረው?"

"እኔ ነኛ! 8 ዓመት ቀድሞ ሲሄድ ዝም ልበለው እንዴ?"

ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የድረ ገጽ ሰርተፍኬት ዕድሜ ደግሞ ከአንድ ዓመት ብዙም ስለማይዘል፣ 2018 ላይ ለቆመ ኮምፒውተር ዛሬ ያሉት ሰርተፍኬቶች በሙሉ ገና ያልተጀመሩ ናቸው። ስለዚህ ሁሉንም ይዘጋል። መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ዴስክቶፕ ካላችሁም ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለዋ ናት፣ ቀይሯት። ቀኑን በራሱ እንዲያስተካክል አድርጉትና የሰዓት ቀጠናውን ናይሮቢ ላይ አድርጉ፤ ዊንዶውስ የእኛን ሰዓት የሚያውቀው በዚያ ስም ነው። ሰዓቱን በአማርኛ አቆጣጠር ማየት ለምትፈልጉ የግድግዳ ሰዓት አለ።

ፋይሉ ከታሰረ

አንቲቫይረሱን ክፈቱና የታሰሩ ፋይሎች የሚቀመጡበትን፣ ኳራንቲን የሚለውን ፈልጉ። ዊንዶውስ ዲፌንደር ላይ ከሆነ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ውስጥ ገብታችሁ "ፕሮቴክሽን ሂስትሪ" የሚለውን ነው የምታዩት። የብሮውዘሩ ፋይል እዚያ ካለ ሪስቶር ማድረግ (ወደ ቦታው መመለስ) ይቻላል።

አንቲቫይረስ ጤነኛ ብሮውዘርን በስህተት ማሰሩ አዲስ ነገር አይደለም። በመስከረም 2011 እ.ኤ.አ. የማይክሮሶፍት አንቲቫይረስ ጎግል ክሮምን ዜድቦት ከሚባለው የባንክ ሌባ ቫይረስ ጋር አምታቶ ከሰው ኮምፒውተር ሰርዞታል፤ በዚያው ቀን ነው የታረመው። ቢሆንም ሪስቶር ከማለታችሁ በፊት ፋይሉ ከየት እንደመጣ አስቡ። ክሮሙን የጫናችሁት ከሰው ፍላሽ ከሆነ፣ ወይም "ብሮውዘርዎ አርጅቷል፣ እዚህ ተጭነው ያድሱ" ካለ ገጽ ከሆነ፣ አንቲቫይረሱ ልክ ሊሆን ይችላል። ማጣሪያው ይሄ ነው፦ ፋይሉን ከመለሳችሁት በኋላ ሳትከፍቱት በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ግቡና "ዲጂታል ሲግኔቸርስ" የሚለውን እዩ። ክሮም ከሆነ የጎግል፣ ፋየርፎክስ ከሆነ የሞዚላ ፊርማ መኖር አለበት። ፊርማ ከሌለው ሰርዙትና ከራሱ ከድርጅቱ ድረ ገጽ በኤጅ አውርዱ።

ፋየርዎሉ

አንዳንድ አንቲቫይረሶች የአንድ ፕሮግራም ፋይል ሲቀየር እንደ አዲስ ፕሮግራም ቆጥረው "ይለፍ ወይስ ይታገድ?" ብለው ይጠይቃሉ። አፕዴት ደግሞ ፋይሉን ይቀይራል። በሥራ መሃል ብቅ ያለውን ሳጥን ሳያነብ "ብሎክ" የሚጫን ሰው ብዙ ነው። ፋየርዎል ውስጥ የአፕሊኬሽን ደንቦች ዝርዝር አለ፤ የብሮውዘሩን ደንብ ሰርዙት፣ ብሮውዘሩን እንደገና ክፈቱ፣ ሲጠይቃችሁ ፍቀዱ። አለቀ።

ሰርተፍኬቱ፣ ብዙ ሰው የሚቸገርበት

ኤችቲቲፒኤስ የሚባለው ነገር በእናንተና በድረ ገጹ መሃል ያለውን ንግግር ይቆልፋል። አንቲቫይረስ ደግሞ የተቆለፈ ነገር ውስጥ ቫይረስ መፈለግ አይችልም። ስለዚህ መሃል ላይ ይቆምና ፖስታውን ከፍቶ ያነባል፣ ከዚያ በራሱ ማኅተም አሽጎ ለብሮውዘሩ ይሰጣል። ብሮውዘሩ ዝም የሚለው ይሄን ማኅተም የሚያምነው ከሆነ ብቻ ነው። ለዚህም ሲባል አንቲቫይረሱ ሲጫን የራሱን ሰርተፍኬት ዊንዶውስ ውስጥ ያስቀምጣል።

አፕዴት ሲመጣ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። አንድም ብሮውዘሩ ማንን እንደሚያምን የሚወስንበት መንገድ ተቀይሯል፣ አንድም አንቲቫይረሱ ማኅተሙን አድሶ ብሮውዘሩ አልደረሰውም። ፋየርፎክስ ላይ ይሄ የሚበዛው የራሱ የሰርተፍኬት ማከማቻ ስላለው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ፋየርፎክስ 65 ሲወጣ አቫስትና ኤቪጂ የሚባሉት አንቲቫይረሶች ያሉባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ድረ ገጾች አንከፍት ብለው፣ ሞዚላ የዊንዶውሱን አፕዴት ለጊዜው እስከማቆም ደርሷል።

የምታደርጉት እንዲህ ነው። ቀዩ ማስጠንቀቂያ ላይ የሰርተፍኬቱን ዝርዝር ክፈቱና ሰጪው ማን እንደሆነ አንብቡ። የአንቲቫይረሳችሁን ስም ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ከዚያ አንቲቫይረሱ ውስጥ ገብታችሁ የኤችቲቲፒኤስ ፍተሻውን ብቻ አጥፉ። አቫስት ላይ ሴቲንግ፣ ፕሮቴክሽን፣ ኮር ሺልድስ፣ ከዚያ ዌብ ሺልድ ውስጥ ነው። ካስፐርስኪ ላይ ኔትዎርክ ሴቲንግስ ውስጥ ኢንክሪፕትድ ኮኔክሽኖችን አትፈትሽ የሚለውን ትመርጣላችሁ። ኢሴት ላይ ኤፍ 5 ተጭናችሁ ኤስኤስኤል/ቲኤልኤስ የሚለውን ፈልጉ። የሜኑዎቹ ቦታ ከስሪት ስሪት ስለሚለያይ፣ ካጣችሁት ሴቲንግ ውስጥ ባለው መፈለጊያ ኤችቲቲፒኤስ ብላችሁ ጻፉ።

ቀጥሎ ብሮውዘሩን ዝጉ፣ ግን የእውነት ዝጉ። ክሮም መስኮቱ ከተዘጋ በኋላም ከጀርባ ሊሠራ ይችላል፤ ታስክ ማናጀር ውስጥ ገብታችሁ ጨርሱት። ብዙ ሰው "አጠፋሁት፣ ለውጥ የለውም" የሚለው ይሄን ስለሚዘል ነው። እንደገና ስትከፍቱት ከሠራ ጥፋተኛው ተገኘ። አሁን ፍተሻውን መልሳችሁ አብሩት፤ አንቲቫይረሱ ሰርተፍኬቱን እንደ አዲስ ስለሚያስገባ ብዙ ጊዜ በዚሁ ይስተካከላል። ፋየርፎክስ ከሆነ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ውስጥ፣ ሰርተፍኬት የሚለው ሥር፣ እናንተ የጫናችኋቸውን የሦስተኛ ወገን ሰርተፍኬቶች እንዲያምን የሚፈቅደው ሳጥን ላይ ምልክት መኖሩን አረጋግጡ።

መልሳችሁ ስታበሩት እንደገና ከዘጋ ጠፍቶ ይቆይ። የሚወርደው ፋይል ዲስኩ ላይ ሲያርፍ አንቲቫይረሱ ለማንኛውም ይፈትሸዋል። ማድረግ የሌለባችሁ ማስጠንቀቂያው ላይ "ቢሆንም ቀጥል" እያላችሁ መሥራት ነው፤ በተለይ የባንክ ገጽ ላይ በፍጹም። ሲ ድራይቭን በሙሉ ከፍተሻ ነጻ ማድረግም ያው ነው፤ እንደዚያ ከምታደርጉ አንቲቫይረሱን ባትጭኑት ይሻላል።

ገጹ ሁሉ "ኦው ስናፕ" ካለ

ይሄ ክሮም ገጽ ሲወድቅበት የሚያሳየው መልእክት ነው። የክሮም የራሱ ሴቲንግ ገጽ ጭምር እየወደቀ ከሆነ አንቲቫይረሱ አርጅቷል። በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ክሮም 78 የውጭ ኮድ ወደ ውስጡ እንዳይገባ በሩን ሲያጠብቅ፣ የቆየ የሲማንቴክ የድርጅት አንቲቫይረስ ያለባቸው ማሽኖች ላይ የሆነው ይሄው ነበር። መድኃኒቱ አንቲቫይረሱን ማደስ ነው፤ የቫይረስ ዝርዝሩን ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙን ራሱን።

እዚህ ላይ ነው ክራክ፣ ማለትም ሳይከፈልበት ፈቃዱ የተሰበረ ፕሮግራም፣ የሚያስቸግረው። ታይዋን ከሚባለው የድሬ ገበያ ተገዝቶ የመጣ ላፕቶፕ ላይ ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ ካገኛችሁ አታስታምሙት። ፕሮግራሙን ማደስ ክራኩን ስለሚያፈርሰው አፕዴቱ ተዘግቶ ይመጣል፣ ብሮውዘሩ ግን በየጊዜው ይታደሳል፤ ስለዚህ ችግሩ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። በእኔ እምነት ለቤትና ለትንሽ ቢሮ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር ይበቃል፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ሁለት አንቲቫይረስ ደርቦ መጫን ደግሞ ጭራሽ አይሞከር።

ስታወጡት ከኮንትሮል ፓነል ማጥፋት ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ የኔትዎርክ ድራይቨሩ ከቀረ ብሮውዘሩን እንደያዘ ይቀጥላል። ካስፐርስኪም አቫስትም ኢሴትም የራሳቸው ማጽጃ ፕሮግራም አላቸው፤ ከየድረ ገጻቸው በሌላ ኮምፒውተር አውርዳችሁ፣ ማሽኑን በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ አስፈላጊዎቹን ብቻ ይዞ በሚነሳበት መንገድ) አስነስታችሁ አስኪዱት። ሪስታርት ካደረጋችሁ በኋላ ዲፌንደር በራሱ ይነሳል፤ ዊንዶውስ ሴኩሪቲን ከፍታችሁ አረንጓዴ ምልክቱን እዩ። ካልተነሳ "ሪል ታይም ፕሮቴክሽን" የሚለውን በእጃችሁ አብሩት፣ ከዚያ አፕዴት አድርጉት።