አረጋዊ ታማሚን ከድንገተኛ የአእምሮ መዛባት እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

በሳንባ ምች ወይም በዳሌ አጥንት ስብራት ምክንያት ሆስፒታል የተኙ አረጋዊ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ልጃቸውን በሌላ ሰው ስም መጥራት፣ ሌሊቱን ሙሉ «ቤቴ ውሰዱኝ» ማለት ወይም ክንዳቸው ላይ የተሰካውን ጉሉኮስ መንቀል ሲጀምሩ፣ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ «እርጅና ነው» ወይም «የመርሳት በሽታ ጀመራቸው» ብሎ ይደመድማል። ሁለቱም ድምዳሜዎች አደገኛ ናቸው። ሐኪሞች ዴሊሪየም የሚሉት ይህ ድንገተኛ የአእምሮ መዛባት ራሱን የቻለ አጣዳፊ ችግር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ተፈልጎ ሊታከም የሚገባው ምክንያት አለ።

የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው። ዴሊሪየም ግን በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይከሰታል፤ በአንድ ቀን ውስጥም እንኳ ከፍ ዝቅ ይላል። በዚህ የተነሳ ጠዋት ሐኪሙ ሲጎበኛቸው በደንብ ሲያወሩ የነበሩ ሰው ማታ የት እንዳሉ ላያውቁ ይችላሉ። ሁለቱ አንድ ላይ መገኘታቸውም የተለመደ ነው፤ አስቀድሞ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ለዴሊሪየም ከሌላው ይበልጥ የተጋለጠ ነውና።

አስታማሚው ሊያደርገው የሚችለው ነገር ብዙ ነው ስንል ለማጽናናት ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ የአረጋውያን ሐኪም ሻረን ኢኖዬና ባልደረቦቻቸው በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 852 ተኝተው የሚታከሙ ሰዎችን ተከታትለዋል። በተለመደው መንገድ ከታከሙት መካከል 15 በመቶዎቹ ዴሊሪየም ሲይዛቸው፣ ልዩ እንክብካቤ ካገኙት ውስጥ የተያዙት 9.9 በመቶዎቹ ነበሩ። እንክብካቤው አዲስ መድኃኒት አልነበረም፤ ማነጋገር፣ ማንቀሳቀስ፣ ማጠጣት፣ መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ማቅረብ፣ እንቅልፍን መጠበቅ ነበር። ይሁን እንጂ ዴሊሪየሙ አንዴ ከጀመረ በኋላ ይኸው እንክብካቤ የሕመሙን ክብደት አልቀነሰውም። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ገና ሆስፒታል በተገባበት ቀን ነው።

ለሆስፒታል ዕቃ ሲዘጋጅ መነጽር፣ የመስሚያ መሣሪያ ከነመለዋወጫ ባትሪው እንዲሁም ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለ እሱ ይቅደሙ፤ በተግባር ግን «ይጠፋል» ተብለው ቤት የሚቀሩት እነዚሁ ናቸው። በደንብ የማያይና የማይሰማ ሰው በማያውቀው ክፍል ውስጥ ግራ ቢጋባ አያስገርምም። ቀኑን ሙሉ ጥያቄ እየደረደሩ ታማሚውን መፈተን ግን ያስጨንቃቸዋል እንጂ አይረዳቸውም። ከዚያ ይልቅ «ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ቁርስ አሁን ይመጣል፤ ሐኪሙም ከዚያ በኋላ ያይዎታል» እያሉ መረጃውን በወሬ መካከል ጣል ማድረግ ይሻላል።

ሐኪሙ ከፈቀደ በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ከአልጋ ተነሥተው ጥቂት እንዲራመዱ፣ ይህ ካልተቻለም ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲመገቡ መርዳት ያስፈልጋል። የሽንት ቱቦ ከገባላቸው «አሁንም አስፈላጊ ነው ወይ?» ብሎ በየቀኑ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ቱቦው ከአልጋ ጋር ያስራቸዋል፣ ለኢንፌክሽንም ያጋልጣል። የፈሳሽ ገደብ ካልተጣለባቸው ደግሞ ውኃ በትንሽ በትንሹ፣ ደጋግሞ ማቅረብ ይበጃል፤ ብዙ አረጋውያን ሰውነታቸው ውኃ እያጠረው እንኳ ጥም አይሰማቸውምና።

ሌሊት ብርሃኑን ቀንሶና ድምፅን አጥፍቶ፣ ትኩስ መጠጥ ሰጥቶ፣ ጀርባን በቀስታ አሽቶ ማስተኛት ከእንቅልፍ ክኒን ይመረጣል። በሐኪም ትእዛዝ ሳይሆን ከፋርማሲ ተገዝተው የሚወሰዱ፣ ዳይፈንሃይድራሚን ያለባቸው የአለርጂና የእንቅልፍ መድኃኒቶች ራሳቸው አእምሮን ሊያዛቡ ይችላሉ። ታማሚው ቤት የሚወስዱትን ማንኛውንም መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዞ ለሐኪሙ ማሳየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ለዓመታት ሲወስዱት የቆየ የእንቅልፍ መድኃኒት ወይም ሲያዘወትሩት የኖሩት አልኮል በድንገት ሲቋረጥም ዴሊሪየም ሊያስከትል ይችላልና ይህን መደበቅ አይገባም።

ለውጥ የተጠረጠረ እንደሆነ ዋናው ምልክት የትኩረት መጥፋት ነው። የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ጀምረው ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ ቢጠየቁ፣ «እሑድ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ» ብለው ይቆሙና ስለ መስኮቱ ማውራት ሊጀምሩ ይችላሉ። ከሁሉ ይበልጥ የሚያታልለው ግን ጸጥ ያለው ዓይነት ነው። ታማሚው አይጮኹም፣ አይታገሉም፤ ያንቀላፋሉ፣ ሲጠሩ ዘግይተው ይመልሳሉ፣ ምግብ ይተዋሉ። ቤተሰብ «ዛሬ ደግሞ ዐረፉ» ብሎ ሲደሰት ሕመሙ ሳይታወቅ ይቀራል።

በዚህ ጊዜ ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ «ተዳክመዋል» ብቻ ማለት በቂ አይደለም፤ «ከትናንት በስቲያ ጋዜጣ ያነቡ ነበር፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ግን የት እንዳሉ አያውቁም» ማለት ይገባል። የቀድሞ ሁኔታቸውን የሚያውቀው አስታማሚው ብቻ ስለሆነ፣ ይህን የመሰለ መረጃ ምርመራው ወዴት ማምራት እንዳለበት ያሳያል። ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ውኃ ማነስ፣ በቂ ማስታገሻ ያላገኘ ሕመም፣ የሽንት መታገድ፣ የሆድ ድርቀትና አዲስ የተጀመረ መድኃኒት መታየት አለባቸው። የማይታየውን ነገር እያዩ ከሆነ መከራከር አያስፈልግም፤ በረጋ ድምፅ ማነጋገርና የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው እንዲቀመጥ ማድረግ ይሻላል። እጅን ማሰር መዛባቱን ያባብሰዋል። የአእምሮ ማረጋጊያ መድኃኒትም በተለይ የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን የሞት አደጋን እንደሚጨምር ስለሚታወቅ፣ ከታዘዘ ለምን እንደታዘዘና መቼ እንደሚቆም መጠየቅ የአስታማሚው መብት ነው።

ከሆስፒታል ሲወጡ መዛባቱ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊወስድ ይችላል። በእነዚህ ጊዜያት መድኃኒታቸውን ሌላ ሰው ቆጥሮ ይስጣቸው፣ ገንዘብ ነክ ውሳኔም ይቆይ። የመርሳት በሽታ አለ ወይስ የለም የሚለው ምርመራም አእምሯቸው ከተረጋጋ በኋላ ቢደረግ ውጤቱ ይበልጥ ይታመናል።