የድሮ የጃፓን ቤዝና ጊታር መቼና የት እንደተሠራ እንዴት ይታወቃል?

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሊብሬውን ብቻ አይቶ ገንዘብ አይቆጥርም። ኮፈኑን ያስከፍታል፣ የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ያመሳክራል፣ ሥር ገብቶ ዝገት ይፈልጋል። ያው ሰው የድሮ የጃፓን ቤዝ ሲያገኝ ግን የፋብሪካውን መለያ (ሲሪያል) ቁጥር ስልኩ ላይ ይጽፍና «የ1978 ነው» ብሎ ሻጩ የጠራውን ይከፍላል። እኔም ከፍያለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰርግ ላይ ቤዝ እጫወታለሁ፣ በትርፍ ጊዜዬ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ አዞራለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ቅደም ተከተል ቁጥሩን የሚያየው ወደ መጨረሻ ነው፤ ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ይገባችኋል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. በጊታሩ ራስ (መቃኛዎቹ ባሉበት ጫፍ) ላይ የተጻፈውን ስም ለጊዜው ተዉት

ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ያስመጣውን ነጋዴ ነው፤ የሠራው ፋብሪካ ሌላ ነው። ናጋኖ ግዛት ውስጥ ማትሱሞቶ የምትባል ከተማ አለች። በ1960 የተቋቋመው ጊታር ሠሪ ፉጂጄን እዚያ ነው፤ በ1987 የተዘጋው ማትሱሞኩም እዚያው ነበር። ፉጂጄን ኢባኔዝና ግሬኮ የሚል ስም ያላቸውን ጊታሮች ሠርቷል፤ ከ1982 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካኑን የፌንደር ስም የያዙ የጃፓን ጊታሮችን። ከማትሱሞኩ አሪያ ፕሮ ቱ፣ ዌስቶንና ቫንቴጅ ወጥተዋል። በ1970 የአሜሪካኑ የኤፒፎን ጊታር ሥራ ወደ ጃፓን ሲዞርም ብዙው የተሠራው እዚያ ነው። ያማሃና ቶካይ የሐማማትሱ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሰምታችሁት የማታውቁት ስም ያለበት ቤዝ ስታዩ አትናቁት፤ የታዋቂው ወንድም ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ። ሻጮች ማንኛውንም የ70ዎቹ ኮፒ «የክስ ጊታር» እያሉ ዋጋ ይቆልሉበታል። ክሱ አንድ ነው፦ በ1977 የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን የኢባኔዝን የአሜሪካ አከፋፋይ ኤልገርን በጊታሩ ራስ ቅርጽ ምክንያት ከሰሰ፤ በ1978 በስምምነት አለቀ። ያን ጊዜ ኢባኔዝ የጊታሩን ራስ ቅርጽ ቀድሞ ቀይሮ ነበር። የፌንደር ቅጂ የሆነ ስም የለሽ ቤዝ ከዚህ ክስ ጋር ምን አገናኘው? ቃሉን የሚደጋግም ሻጭ ሲገጥመኝ የምሰጠውን ዋጋ ዝቅ አደርጋለሁ።

2. አገሩን አረጋግጡ

«ሜድ ኢን ጃፓን» የሚል ጽሑፍ መኖሩ ጥሩ ነው፤ አለመኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት ብዙ ጊዜ የላቸውም፤ ሌሎቹ ላይ ደግሞ ስቲከር ስለነበረ ተልጦ ጠፍቷል። የጊታሩን ራስ ከኋላ በኩል በመብራት አጋድላችሁ እዩ፤ ስቲከር የነበረበት ቦታ ቀለሙ ከአካባቢው ይለያል። ጥርጣሬዬ የሚበረታው ከ1985 በኋላ በሚመስሉት ላይ ነው። በዚያ ዓመት የየን ዋጋ መናር ስለጀመረ ርካሽ ርካሹ ሥራ ወደ ኮሪያ ሄደ፤ የፌንደር ርካሹ ስም ስኳየርም በ80ዎቹ መጨረሻ አብሮ ሄዷል። ታዲያ ስቲከሩ የተላጠ የኮሪያ ጊታር በጃፓን ስም መሸጡ የተለመደ ነው።

3. ክዳኑን ክፈቱ

የቮልዩምና የቶን ማዞሪያዎቹን ጉልላት ንቀሉና የዘንጉን ጥርስ ቁጠሩ። የጃፓኑ አብዛኛውን ጊዜ 18 ጥርስ አለው፤ የአሜሪካው 24። ሃያ አራት ካገኛችሁ ውስጡን ሌላ ሰው ሳይነካካው አይቀርም። ከዚያ ፒካፑ (የክሮቹን ድምፅ የሚይዘው ማግኔት) የተቀመጠበትን ጉድጓድ ግድግዳ በእጅ ባትሪ እዩ፤ እንጨቱ እንደ ኮምፔርሳቶ ተደራርቦ ከታየ የ70ዎቹ መጀመሪያ ርካሽ ኮፒ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ስታኞው የሚያብረቀርቅና ንጹሕ ከሆነ በቅርብ የተበየደ ነው። ይህን ሁሉ ፎቶ አንሱ።

4. አንገቱን ፍቱ

በብሎን የታሰረ አንገት ከሆነ እውነቱ ያለው እዚህ ነው፤ ሰው የሚያበላሸውም እዚሁ ነው።

መጀመሪያ ክሮቹን ሙሉ በሙሉ አላሉ። ቀጥሎ ካቻቪቴ። የጃፓን መስቀል ብሎን ከተለመደው መስቀል ካቻቪቴ ጋር ልክ አይገጥምም፤ ለጥቂት ነው የሚለያዩት፣ ያቺ ጥቂት ግን የአርባ ዓመት ብሎን ራስ ለመብላት ትበቃለች። ጄአይኤስ (የጃፓን የኢንዱስትሪ ደረጃ) ተብሎ የሚሸጠውን ግዙ፤ ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም፣ ከሁሉም ዕቃዬ በላይ የምወደው እሱን ነው። የባትሪ መፍቻ አታስጠጉ። አራቱን ብሎኖች በሰያፍ እያፈራረቃችሁ ትንሽ ትንሽ ፍቱ፤ የትኛው ከየትኛው ቀዳዳ እንደወጣ በወረቀት ላይ አስቀምጡ። አንገቱ አልለቅ ካለ አትወዝውዙት። አራቱንም ብሎኖች ሁለት ዙር ያህል ብቻ አላልታችሁ፣ የብሎኖቹን ራስ በመዳፍ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉ፤ አንገቱ በራሱ ይነሳል።

ሲወጣ ቀጭን ወረቀት ወይም የእንጨት ስንጣሪ ሥሩ ልታገኙ ትችላላችሁ። ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳትጥሉት፤ የአንገቱን አቀማመጥ ለማስተካከል ሆን ተብሎ የገባ ነው፣ በነበረበት አቅጣጫ ይመለሳል።

አሁን የአንገቱን ጫፍና የገባበትን ጉድጓድ እዩ። በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር፣ የማኅተም ቀለም፣ የተቆጣጣሪ ፊርማ የሚመስል የጃፓን ፊደል ሊኖር ይችላል። በእጃችሁ አትንኩ፤ ፎቶ አንሱ።

ይህን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። አንድ ሰሞን ስሙ ከራሱ ላይ የተፋቀ፣ ሲሪያል ቁጥር የሌለው፣ የፌንደር ፕሪሲዥን ቅጂ የሆነ ቤዝ ገዛሁ። አንገቱን ስፈታ ጉድጓዱ በአቧራና በአሮጌ ሰም ተሞልቷል። የንጽሕና በሽታዬ ተነሣና ጥጥ በአልኮል ነክሬ ጠረግኩት። ከአቧራው ሥር ሐምራዊ ማኅተም ብቅ አለ፤ 52፣ ነጥብ፣ ከዚያ ሌላ አሃዝ። የሞዴል ቁጥር ነው ብዬ መጥረጌን ቀጠልኩ። ሁለተኛው ጥጥ ሐምራዊ ሆኖ ተነሣ፣ እንጨቱ ነጣ።

ከወራት በኋላ ነው ስለ ሾዋ ዘመን የተማርኩት። ጃፓኖች ዓመትን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይቆጥራሉ፤ የሾዋ 1ኛ ዓመት 1926 ነው። ስለዚህ በቁጥሩ ላይ 1925 ትደምራላችሁ። በእኛና በፈረንጆቹ መካከል 7 ወይም 8 ስንደምርና ስንቀንስ ላደግን ሰዎች ይህ ከባድ ሒሳብ አልነበረም፤ 52 ሲደመር 1925፣ 1977። ያ ቤዝ የነበረችው ብቸኛ የልደት ወረቀት በጥጥ ተጠርጎ ቆሻሻ ቅርጫት ገባ። ዛሬም ቤቴ አለ፤ ሲጠይቁኝ «የ70ዎቹ ሳይሆን አይቀርም» እላለሁ፣ የማሳየው ነገር የለኝም። ያው አቆጣጠር ቀይ ወረቀት የተለጠፈባቸው የያማሃ ኤፍጂ ባለሣጥን ጊታሮች ላይም አለ፤ በድምፅ ቀዳዳው ወደ አንገቱ ሥር ብትመለከቱ በ45 የሚጀምር ማኅተም ካያችሁ 1970 ነው።

5. አሁን ቁጥሩን አንብቡ

ኢባኔዝ፦ ከ1975 መጨረሻ እስከ 1986 መጀመሪያ ላይ አንድ ፊደል፣ ከዚያ ሁለት አሃዝ ዓመት፣ ከዚያ አራት አሃዝ ይመጣል። ፊደሉ ወሩ ነው፤ ኤ ጃንዋሪ፣ ኤል ዲሴምበር። ስለዚህ ሲ እና 78 ከሆነ ማርች 1978። ግሬኮም ላይ በብዛት ይኸው ነው። ከ1987 እስከ 1996 የፉጂጄን ኢባኔዝ በኤፍ ይጀምርና አንድ አሃዝ ዓመት ይከተላል። ከ1975 በፊት ዓመቱን የሚነግር ቁጥር የለም፤ «የ1972 ነው፣ ቁጥሩም ያው» የሚላችሁን ሻጭ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

የጃፓን ፌንደርና ስኳየር፦ ፊደሎቹ በፊደል ተራ አይሄዱም። ጄቪ ከ1982 እስከ 84፣ ኤስኪው 83 እና 84፣ ኢ ከ84 እስከ 87፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሶ ኤ 85 እና 86። ይባስ ብሎ ፊደሎቹ ድጋሚ ሥራ ላይ ውለዋል። መለያው ከቁጥሩ ጋር ያለው ጽሑፍ ነው፦ ኤ ከ«ሜድ ኢን ጃፓን» ጋር ከሆነ የ80ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ኤ ከ«ክራፍትድ ኢን ጃፓን» ጋር ከሆነ 1997 ወይም 98 ነው። በመካከላቸው ያለውን የዋጋ ልዩነት የሚያውቅ ሻጭ ጽሑፉን ፎቶ ላይ አያሳይም፤ ጠይቁት።

ያማሃ፦ ከ80ዎቹ አጋማሽ እስከ 90ዎቹ መጨረሻ በጃፓን የተሠሩት በሁለት ፊደል ይጀምራሉ፤ የመጀመሪያው ዓመት፣ ሁለተኛው ወር። ኤች 1፣ አይ 2፣ ጄ 3 እያለ ይቀጥላል፤ ኦክቶበር፣ ኖቬምበርና ዲሴምበር ኤክስ፣ ዋይና ዜድ ናቸው። ኤልና ኤም ካያችሁ አምስተኛ ዓመት፣ ስድስተኛ ወር ነው። የትኛው አምስት? 1985ም 1995ም ሊሆን ይችላል፤ ሞዴሉ መቼ እንደተመረተ ካላወቃችሁ ቁጥሩ ብቻውን አሥር ዓመት ያሳስታችኋል።

ማትሱሞኩ፦ የመጀመሪያው አሃዝ ወይም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ዓመቱ ናቸው። ችግሩ ቁጥሩ አንገቱን ከኋላ በምትይዘው የብረት ሰሌዳ ላይ ሲሆን ነው። ሰሌዳዋን ከሌላ ጊታር ላይ ማምጣት አራት ብሎን መፍታት ብቻ ነው። መግቢያው ላይ «እኔም ከፍያለሁ» ያልኩት በዚህ ነው፦ ሰሌዳው የ70ዎቹን አሪያ ይላል፣ ከሥሩ ያለው የአካሉ ቀለም ግን ሌላ ቅርጽ ያለው ሰሌዳ ለዓመታት የተቀመጠበትን አሻራ በግልጽ ይዟል። ሻጩ ጋ ስመለስ ሱቁ ተዘግቶ ነበር።

6. ያገኛችሁትን ጻፉ

አንድ ዓመት ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ በሉ፤ የተቀየረውንም አትደብቁ። እኔ ስሸጥ «ማትሱሞኩ፣ ከ1978 እስከ 80፣ ፒካፑ የራሱ፣ መቃኛዎቹ የተቀየሩ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ገዢው ጥያቄ ሳያበዛ ይመጣል። የአንገቱን ጫፍ ፎቶ አትማችሁ ሣጥኑ ውስጥ ክተቱ። ቀጣዩ ሰው ድጋሚ ከመፍታት ይድናል፤ የብሎኖቹ ቀዳዳ በተፈታ ቁጥር ይሰፋልና።